«ፊልሙን አበላሹት» ያሉት አባት

ኮላ ድባ ለቅሶ ደርሼ ወደ ጎንደር ስመለስ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ከሹፌሩ ጀርባ ቴሌቪዥን የተሰቀለለት ነበር። ብዙ ዘመን ያስተማርኩ መምህር ነኝ፤ የመምህር ጉሮሮ ደግሞ መንገድ ላይ ማረፍ ይወዳል። የደረሰኝ ግን ሦስት ሰው የሚይዝ ወንበር መሐል ነው። በመስኮቱ በኩል ጋቢ የተከናነቡ አዛውንት፣ በመተላለፊያው በኩል አንዲት ወጣት ተቀምጠዋል። ረዳቱ ፊልም ከፈተና ዕረፍቴ እዚያው አበቃ።

አዛውንቱ ጥቂት አዳምጠው ተቆጡ። «ይኸን እኮ አውቀዋለሁ! ድሮ በቪዲዮ ቤት አይቸዋለሁ። ሰዎቹ ናቸው እንጂ የተለወጡት፣ ታሪኩ ያው ነው» አሉ።

«አዎ አያ፣ እንደገና የተሠራ ነው» አለች ወጣቷ በእኔ ላይ ተሻግራ። «እኔ ባለፈው እሑድ ከእናቴ ጋር አይቸዋለሁ። ከድሮው ይሻላል።»

«ምነው ልጄ! የድሮው ሸጋ ነበር። ልጅቱ የአባቷን ቃል ጥሳ አገባች። ኋላ ድንጋይ በጫንቃዋ ተሸክማ ከአባቷ ደጅ ወደቀች፤ አባቷም ማራት። በቪዲዮ ቤቱ ያላለቀሰ አልነበረም። እኔም ልጄን ጭኔ ላይ አስቀምጨ አልቅሻለሁ።»

«በአዲሱ ድንጋይ የለም፤ አባትየው ራሱ ልጁ ቤት ድረስ ይሄዳል።»

«አባት? ወደ ልጁ? በይ እንግዲያ፣ ፊልሙን አበላሹታ!»

ስም ተለዋወጥን። እሳቸው አያ ቻላቸው ይባላሉ፤ የደምቢያ ገበሬ ናቸው፤ ዓይናቸው እየደከመ ስላስቸገራቸው ሐኪም ሊያዩ መሄዳቸው ነው። ወጣቷ ወንጌላዊት ዘንድሮ በሕግ የተመረቀች ናት። አዲስ ተመራቂ ጠበቃና የደምቢያ ገበሬ ከተያያዙ መሐል የተቀመጠ ሰው ወዮለት።

«የፊልሙ ልጅ ጥፋቷ ምንድን ነው?» አለች ወንጌላዊት። «የወደደችውን ማግባቷ አይደለም? ሰው ገደለች? ሰረቀች?»

«አባቷን አሳፈረች። አገር ምን እንዳለ ታውቂያለሽ?»

«አገር እኮ ያወራና ራቱን በልቶ ይተኛል፣ አያ። ያለ ልጅ የሚቀረው አባት ነው።»

አያ ቻላቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩና ስለ ማሽላ እያወሩ ያሉ በሚመስል ድምፅ ነገሩን አወጡት። «እኔም አንዲት ልጅ አለችኝ። ጽጌሬዳ ትባላለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ብቻየን ያሳደግኋት ናት። እዚሁ ጎንደር አጠገብ ወለቃ ሄዳ የሸክላ ሠሪ ልጅ አገባች። አጥንት ተቆጥሮ በኖረ ቤት እንዲህ ያለ ነገር! ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው ሲባል እየሰማሁ ያደግሁ ሰው አማች ብየ እጄን ልዘርጋ?»

ጉዳዩ የፊልም አለመሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ። ወንጌላዊትም ገባት መሰለኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አያ፣ ልጠይቅዎት። ቤትዎ ውኃ የሚቀመጠው በምንድን ነው?»

«በእንስራ።»

«ጠላውስ?»

«በጋን ነዋ።»

«ወጡስ?»

«በሸክላ ድስት። የብረት ድስት ወጥ ይጥማል እንዴ?»

«እንግዲያ ሸክላ ሠሪ ሰው የሚበላ ቢሆን ኖሮ እርስዎ እስከ ዛሬ ምንዎ ይተርፍ ነበር?»

ከኋላችን የተቀመጡት ሳቁ። አዛውንቱም ሳቁ መጣባቸውና በጋቢያቸው ሸፈኑት። እኔም ዝም ማለት አቃተኝ። «በእጃቸው ሥራ እየበላን ከእነሱ ጋር በአንድ ገበታ አንበላም ማለት፣ አያ ቻላቸው፣ ከአላዋቂነት በቀር ምን ስም አለው? ለዚያ ወሬ ማስረጃ ያቀረበ ሰው እስካሁን አላየሁም» አልኋቸው።

«ይሁን መምህር። ግን እኔ በሩን ዘጋሁ እንዴ? ወግ አለ። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ይዛ መጣች። እንደምታውቁት ሽማግሌ ደጅ ቆሞ ተቀመጡ እስኪባል ይጠብቃል። ተቀመጡ አላልኋቸውም። ለምን? ድንጋይ አልተሸከመችም! ባለፈው ሳምንት ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ መጡ፤ ያን ጊዜማ እሷ ራሷም የለችም። በዳይዋ ሳትመጣ ሽማግሌ ብቻውን ምን ያደርጋል ብየ፣ ከአጥሩ ውስጥ ሆኘ ተመለሱ አልኋቸው።»

«ምን ሊሉ እንደመጡ ሳይሰሙ?» አለች ወንጌላዊት።

«ምን ይሰማል ልጄ? ያው ታረቅ ነው።»

እልህ ምላጭ ያስውጣል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው። ወንጌላዊት ግን ተስፋ አልቆረጠችም። «ያ ድንጋይ የተፈለገው እርቅ እንዲመጣ እንጂ እንዲዘገይ አይመስለኝም። ወጉን ያወጡት አባቶች ሰው ከሰው እንዲኖር ብለው ነው። ዛሬ ወጉ ልጅና አባት የሚለያይ ከሆነ ጥፋቱ የማን ነው? ደግሞስ ሁለት ጊዜ ደጅዎ ቆማ መመለሷ ከድንጋይ አይከብድም?»

አዛውንቱ ጆሯቸውን ወደ ፊልሙ መለሱ። መናኸሪያ ስንደርስ ፊልሙ ሳያልቅ ረዳቱ አጠፋው።

«እንዴት ነው የሚያልቀው?» ብለው ጠየቁ።

«አባትየው በሩን ያንኳኳል። ልጅቱ ትከፍታለች። ሁለቱም ምንም አይናገሩም፤ ይተቃቀፋሉ።»

«ሸጋ ነው» አሉ አያ ቻላቸው። ከዚያ እጄን ያዙኝ። «መምህር፣ ሐኪሙ ነገ ይደርሳል። ወለቃ ታደርሱኛላችሁ? ብቻየን አፍራለሁ።»

ሦስታችንም በአንድ ባጃጅ ተሳፈርን። መንገዱን ሁሉ ወንጌላዊት የእርቁን ጥቅም ዘረዘረችላቸው፦ ልጃቸው የሚመርቃት አባት፣ እሳቸውም የሚጦራቸው ልጅና አማች ያገኛሉ፤ በዓል ብቻቸውን አይውሉም፤ ጎረቤት አይቶ ይማራል፤ ሌላ አባት ደግሞ በዚህ ወሬ ልጁን አያባርርም። ጽጌሬዳ ነፍሰ ጡር መሆኗን ከሰው ሰምተው ኖሮ «የልጅ ልጅም አለ!» ብለው ራሳቸው ጨመሩበት። ፊታቸው ላይ ያየሁት ደስታ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ወለቃ ሸክላው በመንገድ ዳር ተደርድሯል። የሠፈሩን ልጆች ጠይቀን የአማቲቱን የወይዘሮ እንኳየሁን ቤት አገኘን። ሴትዮዋ ደጃፉ ላይ ነበሩ። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሰዋል። እኔና ወንጌላዊት ተያየን፤ አያ ቻላቸው ግን ዓይናቸው ደክሟልና አላዩም።

«የጽጌሬዳ አማት አንች ነሽ? አባቷ ነኝ። ያለ ድንጋይ ልታረቃት መጣሁ፤ ጥሪያት።»

ወይዘሮ እንኳየሁ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «አያ፣ ልናረዳዎት ሽማግሌ ልከን ነበር» አሉ። «ባለፈው ሳምንት። አንቱ ከአጥር ውስጥ መለሷቸው። መርዶ በአጥር ላይ አይጮህም ብለው ተመለሱ። የሚያረዳዎት ዘመድ ስናፈላልግ ነው የመጡት።»

«የማን መርዶ?»

የጽጌሬዳ ባል የሻው ከውስጥ ወጣና እግራቸው ላይ ወድቆ እያለቀሰ ነገራቸው። ወልዳ ደም ፈሰሳት፤ ሐኪም ቤት ሳትደርስ መንገድ ላይ አረፈች። አባቴን ጥሩልኝ ስትል ነበር።

የጮኸው ማን እንደሆነ አላስታውስም። ሴቶቹ ተሰበሰቡ። ለሽማግሌ ያልተከፈተው የአያ ቻላቸው ጆሮ ያን ቀን የሰማውን ለጠላቴ አልመኝም። ሲደክማቸው ወይዘሮ እንኳየሁ ውኃ አመጡላቸው፣ ጠጡ፤ ንፍሮ አመጡላቸው፣ ከእጃቸው ቆነጠሩ። ለሸክላ ሠሪ እጄን አልዘረጋም ያሉት ሰው ናቸው። ክርክሩን ረትተናል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይኸ ነው። የተማረችው ወንጌላዊት ግድግዳውን ተደግፋ ታለቅሳለች፤ እኔም ብዙ ዘመን ያስተማርኩት ሁሉ አንዲት ሴት እንኳ አላተረፈም እያልኩ ተቀመጥኩ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ደጃችሁ ሰው ሲቆም መጀመሪያ ስሙት። ስትሰሙት ቂሙ ባይለቃችሁ እንኳ ቢያንስ ልጃችሁ መሞቷን በሰዓቱ ታውቃላችሁ። ከዚህ የተሻለ ምክር ቢኖረኝ እሰጣችሁ ነበር።

ኋላ ወይዘሮ እንኳየሁ ሕፃኗን በጨርቅ ጠቅልለው አምጥተው አዛውንቱን አሳቀፏቸው።

«ማን ብላችሁ ትጠሯታላችሁ?» አሉ አያ ቻላቸው።

«ስም የላትም። ጽጌሬዳ ከልክላን ነው፤ አባቴ መጥቶ ያወጣላታል ብላ።»

አዛውንቱ ሕፃኗን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩ። ከንፈራቸው ሁለት ሦስት ጊዜ ተንቀሳቀሰ። «እናንተ አውጡላት። እኔ አፍ የለኝም» አሉ።

«የሟች ቃል ነው አያ፣ አይሆንም። እንጠብቅዎታለን።»

ጀምበር ሳትጠልቅ እኔና ወንጌላዊት ተሰናብተን ስንነሣ አያ ቻላቸው ከለቀስተኛው መሐል ሕፃኗን እንዳቀፉ ነበሩ። ስም ገና አልወጣላትም።