የወይዘሮ ባዳቾ ዳጣና የምራታቸው ሆድ

ወይዘሮ ባዳቾ ቂም አይዙም ይባላል፤ የያዟት አንዲት ቂም ግን ዓመት ሊሞላት ነው። የልጃቸው የቶማ ሚስት ሶልያና ከሠርጓ ወዲህ ዳጣቸውን የቀመሰችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ማዕዳቸው ላይ ቀርባ ውሃ ብቻ ትጠጣለች። የሶዶ ሰው ሥጋውን እያጠቀሰ የሚያመሰግነውን ያን ዳጣ! የፊታችን እሑድ፣ በወላይታ ዘመን መለወጫ በጊፋታ በዓልም እምቢ ካለች ዳግመኛ ደጃፏን ላይረግጡ ምለዋል።

ለበዓሉ ቃሪያ ሊገዙ አረካ ሄደው ሲመለሱ፣ ሚኒባሱ ውስጥ አንድ ባዶ ቦታ አገኙ። ከጎኑ የተቀመጠችው አረካ የምታስተምረው ሶልያና ሆና ተገኘች።

«እንደምን ዋሉ እማማ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ዘንቢላቸውን ታቅፈው ተቀመጡ። ዝም ማለት ግን አልሆነላቸውም። «ልጄ፣ ምን በደልኩሽ? እጄን ተጠይፈሽ ነው?»

ሶልያና ደነገጠች። «ኧረ በፍጹም! ስንዴና ገብስ ውስጥ ግሉተን የሚባል ነገር አለ፤ የእኔ አንጀት አይችለውም፣ ይቆስላል። በምርመራ የታወቀው ባለፈው ወር ነው። እርስዎ ዘንድ ዳጣ በልቼ ሁለቱንም ጊዜ ሦስት ሦስት ቀን ተኝቻለሁ። ቶማን ለእናትህ እንዳትነግር ያልኩት እኔ ነኝ፤ አፍሬ።»

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ! ዳጣ ውስጥ ምን ስንዴ አለ? ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላ፣ ድንብላል፣ ጨው። በቃ!»

«እኔንም የገረመኝ እሱ ነው። የቆጠሩት ሁሉ ለእኔ የተፈቀደ ነው። ቅቤ እስካልገባበት ድረስ ለሚጾምም ይሆናል። ጨው ከተቀነሰ ደም ግፊት ላለበትም አይከፋም።»

«ለጨጓራስ?»

«ለጨጓራስ እማማ፣ ሸሽቶ ማምለጥ ነው።»

ወይዘሮ ባዳቾ ሳያስቡት ሳቁ፤ ወዲያው ግን ፊታቸውን አኮሳተሩ። መሸነፍ አይወዱም።

«ምናልባት የሚፈጩበት ድንጋይ…» ብላ ሶልያና ጀመረች፤ አላስጨረሷትም።

«የእኔ ድንጋይ? ከሶዶ እስከ ቤሌ እንደ እኔ ድንጋዩን የሚያጠራ ሴት ካለች ስሟን ጥሪልኝ! በውሃ አጥባለሁ። ከዚያ እርጥበቱንና ጠረኑን እንዲያነሣ አንድ እፍኝ ገብስ እፈጭበታለሁ። ከዚያ ነው ዳጣው…»

ለካ ልጅቷን ያሳመሟት በንጽሕናቸው ነው! እናታቸው ያስተማሯቸው፣ ሲኮሩበት የኖሩት እፍኝ ገብስ።

«እፍኝ እኮ ናት፤ ያውም እጠርገዋለሁ» አሉ፣ አሁን ድምፃቸው ለስልሶ።

«ልማዱ መጥፎ አይደለም፤ ሌላውን ሰው አይጎዳም። ለእኔ ግን ድንጋዩ ላይ የቀረችው ብናኝ ትበቃለች። የድንጋይ ቀዳዳ ውስጥ የገባ ዱቄት ደግሞ በውሃ ብቻ አይለቅም።»

«ታዲያ በምን ላጥራው?»

«ለዳጣ ብቻ የሚሆን አዲስ ድንጋይ ይለዩ። ማጥራት ካስፈለገ ከገብስ ጋር ያልተደባለቀ በቆሎ አለ፤ በቆሎ አይጎዳኝም።»

ሶዶ ገብተው መናኸሪያው ላይ ሲወርዱ ወይዘሮ ባዳቾ የምራታቸውን እጅ ያዙ። «ዓመት ሙሉ በልቤ ስከስሽ ከረምኩ። ይቅር በይኝ።»

እሑድ ዕለት በአዲሱ ድንጋይ የተፈጨ ዳጣ ለሶልያና በራሱ ሳህንና ማንኪያ ቀረበ። ደም ግፊት ስላለባቸው ዳጣ ይከለከሉ የነበሩት ባላቸው አቶ ሻንቆም ጨው የተቀነሰበት ደርሷቸው ፊታቸው በራ። በእውነቱ ልማድን መጠየቅ ልማድን መናቅ አይደለም። አንዲት ጥያቄ ቀደም ብላ ብትጠየቅ ኖሮ አንዷ ከሕመም፣ ሌላዋም ከቂም በዳኑ ነበር። የእንግዳን ሆድ አስቀድሞ የሚጠይቅ ቤት ከማዕዱ የሚጎድልበት ሰው አይኖርም።

ማክሰኞ ጠዋት ወይዘሮ ባዳቾ በፍርሃት ስልክ ደወሉ። «ልጄ፣ ሆድሽ እንዴት ነው?»

«ሰላም ነው እማማ። ዳጣው ተርፏል?»

«ያንቺማ ማን ይነካዋል» አሉ፣ የደስታ እንባቸውን እየጠረጉ።