አባት የማይገቡበት ፒካፕ

የልጅ ልጆቼ ያንን የፒካፕ ወሬ ካልነገርሽን ብለው ስለያዙኝ ነው የማወራው። ከሶዶ ወደ ሻንቶ ስሄድ ታክሲው ውስጥ ከፊቴ አንድ ረጅም ጎረምሳና አንዲት ቅቤ ነጋዴ ተቀምጠው ነበር። አይተዋወቁም።

«የድሮ ፒካፕ አለኝ፤ እንዲያምር ብዬ የጋቢናውን ጣሪያ ጋራዥ አስቆርጬ ዝቅ አስደረግሁት» አላት።

«ታዲያ አላማረም?»

«አምሯል። አባቴ ግን አልገባበትም አሉ።»

«ጠበባቸው?»

«ሲገቡ ጎንበስ ማለት አለባቸው። አንገቴን የምደፋው ለጌታ ነው፣ ለቆርቆሮ አልደፋም አሉ።»

«በታክሲ ይሂዱ።»

«የልጄ መኪና እያለ በታክሲ ብሄድ ሰው ምን ይለኛል ይላሉ። ቅዳሜ ደግሞ ዲምቱ ሽምግልና አለብን፤ እሳቸው ካልጠየቁልኝ የማገባትን ልጅ አይሰጡኝም።»

«ከኋላ ጫናቸዋ።»

«እንደ በሬ? አሉኝ።»

ሴትዮዋ ትንሽ አሰበች። «በሩን ክፈትና፣ አባዬ ለመንገዱ ጸልዩልን በላቸው።»

«ከዚያስ?»

«ሲጸልዩ አንገታቸውን ይደፉ የለ? ያኔ ቀስ አድርገህ ታስገባቸዋለህ።»

«እትዬ፣ የአባቴ ጸሎት እኮ ቶሎ አያልቅም።»

«ዲምቱስ ቅርብ ነው እንዴ?»

እኔ ሳቄን በነጠላዬ ሸፍኜ ሻንቶ ወረድኩ። የዲምቱ ዘመዴ የነገረችኝ ከዓመታት በኋላ ነው፤ አባትየው አንገታቸውን እንደደፉ ሲደርሱ የልጅቷ ቤተሰቦች ሬሳ የመጣ መስሏቸው ለቅሶ ጀምረው ነበር፣ ልጅቷንም የሰጡት እሳቸው «አሜን» ብለው ከመኪናው ሲወርዱ በድንጋጤ ነው።