ቆሎ የተጠቀለለበት ፊት

ለውጭ ሰው በሯን በዘጋች አንዲት ሩቅ አገር፣ በአምባሳደራችን መኖሪያ ጓሮ፣ ሾፌሩ ጋሽ ይፍሩ መኪና ያጥባሉ፤ የሕፃኑ ሞግዚት እንጉዳይ እርጥብ ልብስ የሞላ ሳፋ ታቅፋ ፊታቸው ተገትራለች።

እንጉዳይ፦ መኪናው እንደሆነ ጸድቷል! ከዚህ በላይ ካሹት ቀለሙ ይለቃል። ይውሰዱኝ አልኩ።

ይፍሩ፦ አልወስድሽም አልኩ።

እንጉዳይ፦ የቤት ሠራተኛችንን ሶናን የወሰዷት ሰዎች ቢሮ በር ላይ ያውርዱኝና እርስዎ ይመለሱ። እኔው ገብቼ «ጋዜጣውን የጠቀለልኩት እኔ ነኝ፣ ሶና አይደለችም» እላቸዋለሁ። አለቀ።

ይፍሩ፦ በምን ቋንቋ?

እንጉዳይ፦ በእጄ። እንዲህ፣ እንዲህ አድርጌ ጠቅልዬ አሳያቸዋለሁ።

ይፍሩ፦ የመሪያቸውን ፊት? እዚያው ቢሯቸው ውስጥ? አንቺ ልጅ ጤና የለሽም።

እንጉዳይ፦ እኔ ፊት መሆኑን መች አየሁ! ገብስ ከአገር ቤት መጣ፣ ቆላሁ፣ ለሶና ላቅምሳት አልኩ። ቆሎ በምን ይሰጣል? እኛ ሰፈር ቆሎ ሻጯ ጋዜጣውን ሾጣጣ አድርጋ ጠቅልላ ነው የምትሰጠው። ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አገኘሁ፣ ሾጣጣ አደረግሁት።

ይፍሩ፦ ከዚያ ሁሉ ገጽ ፊቱ ያለበትን መርጠሽ!

እንጉዳይ፦ የሌለበት የት አለና? እርሻው ጋ እሱ፣ ፋብሪካው ጋ እሱ፣ ኳስ ሜዳው ጋ እሱ። የአየር ጠባዩ ጋ እንኳ ሰማዩን ቀና ብሎ ያያል።

ይፍሩ፦ እዚህ አገር ፊቱ አይታጠፍም። ዙሪያው ይታጠፋል፣ ፊቱ ዝርግ ሆኖ ይቀመጣል። ስትመጪ ነግሬሻለሁ።

እንጉዳይ፦ ስመጣ የነገሩኝ ስንቱን ነው! ሐውልቱን በጣት አትጠቁሚ፣ መንገድ ላይ የሰው ልጅ አታጫውቺ፣ ሱቅ ውስጥ ብርቱካኑን አትንኪ። ነካሁት፤ ፕላስቲክ ነው! ከሰው ጋር አውሪ ያሉኝ ቀን ግን የለም።

ይፍሩ፦ ይኸው አውርተሽ አየሽው።

እንጉዳይ፦ አየሁ። ትናንት ስትወጣ በመስኮት ቆሜ አየሁ። ዘበኛው ሲፈትሻት ቆሎው መሬት ላይ ተበተነ፣ ወረቀቱን ሲዘረጋው አፍንጫው ላይ እጥፋት። ይዘዋት ሲሄዱ እሷ ወደ ቤቱ ዞር ብላ እንኳ አላየችም።

ይፍሩ፦ ብልህ ናት። ብታይ አንቺን መጠቆም ይሆንባት ነበር።

እንጉዳይ፦ ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሌላ ሴት መጣች። የሶናን ሽርጥ ታጥቃ፣ የሶናን ነጠላ ጫማ አጥልቃ። ማን ነሽ ብላት ደረቷን መታ መታ እያደረገች «ሶና» አትለኝም?

ይፍሩ፦ ሶና ካለች ሶና ናት።

እንጉዳይ፦ ጋሼ! የኛዋ ሶና እንደ ክር የቀጠነች ናት፣ ይቺ ቁም ሳጥን ታክላለች! ጫማው ተረከዟን ሜዳ ላይ ትቶታል። እትዬን ብጠይቃቸው «ሶና ናት፣ ምነው?» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ጣራው ላይ ተክለው።

ይፍሩ፦ እትዬም ያውቃሉ፣ አምባሳደሩም ያውቃሉ። አንቺ ብቻ ነሽ ጮክ ብለሽ የምትጠይቂው። ለመሆኑ በቋንቋ ሳትግባቡ ይቺ ሴት ምንሽ ናት?

እንጉዳይ፦ አንሶላ እንጨምቃለን።

ይፍሩ፦ አንሶላ?

እንጉዳይ፦ እሷ በዚያ ጫፍ፣ እኔ በዚህ ጫፍ። አንድ ቀን ሐሳቤ ሄዶ እሷ ወደምታዞርበት አዞርኩት። አንሶላው ምን ይጨመቃል፣ አብሮን ይሽከረከራል! ያን ጊዜ ሳቀች። አፏን በሽርጧ ሸፍና፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ። ጋሼ፣ እዚህ አገር አደባባይ ሙሉ ሰው ሲያጨበጭብ አይቻለሁ፤ ሲስቅ ያየሁት ግን እሷን ብቻ ነው።

ይፍሩ፦ እኔ ይኸው ፀጉሬ እዚህ ሸበተ፤ አንድም አላየሁም።

እንጉዳይ፦ ታዲያ አይወስዱኝም?

ይፍሩ፦ ስሚኝ፣ ልጄ። አሁን በእነሱ እጅ ያለው አንድ የታጠፈ ወረቀት ነው። «አላየሁም፣ ቸኩዬ ነው» ልትላቸው ትችላለች። ይቆጧታል፣ ይቀጧታል፣ ሌላ ሥራ ይሰጧታል፤ ምናልባት ያልፋል። አንቺ ሄደሽ ስታለቅሺላት ግን «የውጭ አገር ልጅ ለምን አለቀሰችላት?» ይላሉ። ለዚህ ምን ብላ ትመልስ? ወረቀት ማጠፍ ስህተት ነው። ከኛ ጋር መሳቅ ግን እዚህ አገር ወንጀል ነው።

እንጉዳይ፦ እንግዲያው ዝም ልበል? ያቺን ቁም ሳጥን ሶና ልበላት?

ይፍሩ፦ ሶና በያት። አንሶላም አብረሻት ጭመቂ።

እንጉዳይ፦ እናትዎ ይፍሩ ብለው ስም ያወጡልዎ ሌላው እንዲፈራ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እርስዎ እንዲፈሩ ነው!

ይፍሩ፦ አፍሽን ያዢ! እኔ ከዚህ ብባረር አገር ቤት እጄን የሚጠብቁ ልጆች አሉኝ። አንቺ ምን አለብሽ?

እንጉዳይ፦ ምንም የለብኝም። ለዚህ እኮ ነው። ግድ የለም፣ ካልወሰዱኝ ለመብራቱ እነግረዋለሁ።

ይፍሩ፦ ለማን?

እንጉዳይ፦ ለወጥ ቤቱ መብራት። እዚያ ውስጥ ለሚሰማው ሰውዬ።

ይፍሩ፦ ቀስ በይ! ማን ነገረሽ?

እንጉዳይ፦ ማንም። አንድ ቀን ብቻዬን ሆኜ «ይሄ ቧንቧ ሲንጠባጠብ ሊያሳብደኝ ነው» ብዬ ተነጫነጭኩ። በማግስቱ የቧንቧ ሠራተኛ ከች! እትዬ አልጠሩ፣ እርስዎ አልጠሩ። አማርኛ የሚሰማ ሰው አለ ማለት ነዋ! ከዚያ ወዲህ ሕፃኑ ሲተኛልኝ አወራዋለሁ።

ይፍሩ፦ ታወሪዋለሽ?

እንጉዳይ፦ ታዲያ ከማን ጋር ላውራ? ሕፃኑ ገና «አ» ነው የሚለው፣ እርስዎ ከመኪናው ጋር ተጋብተዋል። ስለ ሰፈራችን እነግረዋለሁ። አራተኛ ክፍል ላይ አስተማሪዬን ሰድቤ በመስኮት የዘለልኩትን፣ በዚያው የቀረሁትን ሳይቀር ነግሬዋለሁ። አንዳንዴ «ምሳ በላህ?» እለዋለሁ። አይመልስልኝም፤ ግን ሰው ነው። እዚህ አገር ስናገር ሰምቶ የገባው እሱ ብቻ ነው።

ይፍሩ፦ ስለ ሶና ነግረሽዋል? እውነቱን!

እንጉዳይ፦ አልነገርኩትም። ሳቋን ለብቻዬ ነው ያስቀመጥኩት።

ይፍሩ፦ ተመስገን አምላኬ!

እንጉዳይ፦ ጋሼ፣ ግን… የሚሰማውን ያምናል?

ይፍሩ፦ ቢሮው ሄደሽ የምትነግሪውን አያምንም። ማንም አይሰማኝም ብለሽ የምታወሪውን ግን አንድ ሳያስቀር ይጽፋል።

እንጉዳይ፦ እንግዲያው ይከተሉኝና ወጥ ቤት ገብተው ይቆጡኝ።

ይፍሩ፦ ምን ብዬ?

እንጉዳይ፦ የመጣልዎትን። ቁጣ መች ያንስዎታል! ሳፋውን ላስቀምጥ… ያውልዎ፣ ገባሁ። ይምጡ እንጂ!

ይፍሩ፦ ምን ልታደርጊ ነው? ቆይ፣ እጄ እርጥብ ነው…

እንጉዳይ፦ በሩን ይዝጉት ጋሼ፣ ብርድ ይገባል። እና ያቺን ትናንት የሄደችውን ሴት አስኮረፍሻት ብለው ነው የሚቆጡኝ? እሰየው!

ይፍሩ፦ እ… ምነው? ምን አደረገችሽ?

እንጉዳይ፦ አልወዳትም ነበራ! ሰላም ስላት መሬት መሬት ታያለች። ፊቷ አይፈታ፣ አንገቷ አይቃና። አንድ ቀን እንኳ ስቃ አታውቅም።

ይፍሩ፦ አታውቅም?

እንጉዳይ፦ አንድም ቀን! ቆሎው አርሮብኝ ጠቅልዬ «ውጪ ጣዪልኝ» ብዬ በምልክት ሳሳያት አኩርፋ ነው የተቀበለችኝ። ምን እንደያዘች አላየች፣ በምን እንደተጠቀለለ አላየች። ቆሻሻ ነው የመሰላት። ወረቀቱንም ያነሳሁት እኔ፣ ያጠፍኩትም እኔ።

ይፍሩ፦ ድምፅሽ ምን ሆነ?

እንጉዳይ፦ ሽንኩርት ነው! ሽንኩርት እየላጥኩ አይደል? እንኳን ሄደች። ብትመለስ አላናግራትም። መንገድ ላይ ባያት… ባያት አላውቃትም።

ይፍሩ፦ እንጉዳይ…

እንጉዳይ፦ ይቆጡኝ እንጂ ጋሼ!

ይፍሩ፦ አንቺን ምን ብዬ ልቆጣ? አራተኛ ክፍል ያልጨረሰች ልጅ ከየት ታውቃለች? ጋዜጣውን ከመኪናው አውጥቼ፣ «በዚህ ጠቅልዪና ለሴትየዋ ስጫት፣ ትጣለው» ብዬ በእጅሽ ያስያዝኩሽ እኔ ሾፌሩ አይደለሁም? የሚጠይቅ ካለ ነገ ጠዋት በሩ ላይ ቆሜ እጠብቀዋለሁ።