«አምና የት ነበሩ፣ መሪጌታ?»

ሥራ የሚሰጠው ለሠራ ሰው ብቻ ከሆነ፣ ያልሠራ ሰው ከየት ይጀምራል? በመምህርነት ተመርቄ መካነ ሰላም ከተመለስኩ ጀምሮ ይህን ጥያቄ ይዤው ኖሬያለሁ። ትናንት ደግሞ «ልምድ የለሽም» ተብዬ ስመለስ፣ ጎረቤታችንን የቅኔ መምህሩን የኔታ ብርሃኑን ጠየቅኋቸው። እንዲህ አሉኝ፦

«በእኛም ጊዜ ያው ነበር፣ ልጄ። ጓደኛዬን መሪጌታ ጥበቡን አታውቂውም፤ ድምፁ፣ ምን ልበልሽ፣ ማኅሌት ሲቆም ሽማግሌው ሁሉ እንቅልፉን ይረሳ ነበር። ታዲያ የሚያገለግልበት ቤተ ክርስቲያን በአዲስ ሊሠራ ፈረሰና ካህናቱ ወደየደብሩ ተበተኑ፤ እሱ ግን እናቱ ታማበት ቤቱ ቀረ። ኋላ እሷን ቀበረና ወደ አጅባር በኩል ካለ አንድ ደብር ሥራ ፍለጋ ሄደ፤ እኔም አብሬው ነበርኩ። እና በንግሡ ዕለት ቅኔ አበረከተ፤ ኧረ ቅኔ! ‹ይበል! ይበል!› ተባለ። ታዲያ አለቃው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? እንዲህ ጢማቸውን እያሻሹ፣

‹አምና የት ነበሩ፣ መሪጌታ?›

‹ቤቴ።›

‹ካቻምናስ?›

‹ቤቴ፤ እናቴን ሳስታምም።›

‹እህ! እንዲህ ያለ ሊቅ፣ አንድም ደብር ሳይፈልግዎት?›

ይበል ያለው አፍ ሁሉ ሐሜት ጀመረ። ትሰሚኛለሽ? ቅኔውን በጆሮው የሰማ ሰው፣ ‹ሌላው ያልወሰደው አንድ ነገር ቢኖርበት ነው› አለ። ሌላ ደብር ሄደ፤ እዚያም ያው ‹አምና የት ነበሩ?› ነው። እና አፈረ፤ ማኅሌት መቆሙንም ተወ። ‹ኧረ ጥበቡ፣ ከእኔ ጋር ቁም፣ ማን ከለከለህ?› እለዋለሁ። ‹ሥራ ፈቱ መጣ ሊሉኝ?› ይለኛል። ታዲያ የቀድሞ ደብሩ ታንጾ አለቀና ‹ና› ብለው ላኩበት። ሄደ፣ ቆመ፣ ዜማውን አነሣ፤ እና ልጄ፣ ከመሃል ጠፋው። ዜማው ጠፋው! በውሸት ያሙት የነበረው እውነት ሆነ። መቋሚያውን ጎኑ ለቆመው ሰው ሰጥቶ ወጣ፤ ዳግመኛም አልተመለሰ።»

እኔም መሬት መሬቱን እያየሁ፣

«የኔታ፣ እኔም ከተመረቅኩ ወዲህ ተማሪ ፊት ቆሜ አላውቅም» አልኩ።

«አብሽሪ።»

«ቅዳሜ ቅዳሜ ግቢዎን ይሰጡኛል? የሰፈሩን ልጆች ሂሳብ ላስተምር።»

«ሰጠሁሽ። ግን ልምድ ብለው ይቆጥሩልሻል?»

«አይቆጥሩልኝም።»

እሳቸው ሣቅ አሉ፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሮ ነበር። እንደማይቆጠርልኝ አውቃለሁ። ቢሆንም የፊታችን ቅዳሜ እጀምራለሁ።