ጋሽ ልኩና ስምንቱ ደቂቃ

ከሃያ አምስት ዓመት በፊት የተሰማ፣ ግማሹም የተረሳ ወሬ ነው። ጋሽ ልኩ ያኔ ገና ወጣት ሳለ፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት ኮርኒስ በላይ በደረቱ ተኝቶ ኬብል ሲስብ፣ ከታች ሁለት ሰዎች ቆመው ሲነጋገሩ ሰማ። አንደኛው አለቃው ነበር፤ ሁለተኛው የመሥሪያ ቤቱ ሹም ሳይሆን አይቀርም። «ይኼ ልጅኮ» አለ አለቃው፣ «አንዴ የጀመረውን ሳይጨርስ አይነሣም፤ ስለዚህም...» ከዚያ በኋላ የተባለውን የግድግዳ መብሻው ጩኸት ዋጠው። ለወጣቱ ግን የሰማው በቂው ነበር። አቧራውን ከዓይኑ ጠርጎ ፈገግ አለና ያቺን ግማሽ ንግግር እንደ ምርቃት ተቀበላት፤ ዕድሜውን ሙሉም ይዟት ኖረ።

አሁን ሃምሳን አልፏል። ሥራው ኔትወርክ ነው፤ ኮምፒውተሮችን እርስ በርስ የሚያነጋግሩትን ኬብሎች፣ ስዊቾችና ራውተሮች ይተክላል፣ ሲታመሙም ያክማል። ባልደረቦቹ «ጋሽ ልኩ» የሚል ስም ያወጡለት ልኩን ሳያገኝ ከሥራ ስለማይነሣ ነው። እሱ ያሰረው ኬብል እንደ ሸሚዝ ቁልፍ በአንድ መስመር የተሰደረ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ታዲያ የሙያውን የተግባር ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቋል። ድርጅቱ ደግሞ ከመጪው ሩብ ዓመት ጀምሮ ሰርተፊኬት የሌለው ሰው ዋና ዋናዎቹን መሣሪያዎች እንዳይነካ ወስኗል። የቀረው አንድ ዕድል ነው። ካለፈ እሰየው፤ ካላለፈ ግን ያን ሁሉ ዓመት የለፋበትን እጁን አጣጥፎ ዕቃ ግምጃ ቤት መቀመጡ ነው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ወደ አንድ የአውቶቡስ መናኸሪያ ተጠርቶ ሄደ። ኔትወርኩ ተቋርጦ የትኬት መስኮቶቹ ኮምፒውተሮች፣ የመነሻ ሰዓት የሚያሳየው ሰሌዳና የሥራ አስኪያጁ ማተሚያ ሁሉም ጸጥ ብለዋል። የተቀበለችው የስምሪት ሠራተኛዋ ናት። ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ትምህርቷን በቅርቡ ጨርሳ የገባች፣ እያንዳንዱ አውቶቡስ ስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ ላይ እንደገባና እንደወጣ የምትመዘግብ ወጣት ነች። ጋሽ ልኩ እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፍኖ ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያም በሩ አጠገብ ያገኘውን ማተሚያ ጀመረ። የማተሚያው ብልሽት ደግሞ እልኸኛ ሆነ። አንዱን ሲያቀናው ሌላው ይጠምማል። ትኬት ፈላጊው ሰልፍ ከአዳራሹ አልፎ መንገድ ላይ ወጣ። እሱ ግን ወይ ፍንክች። ሁሉንም አዳርሶ ሲጨርስ ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

የስምሪት ሠራተኛዋ ወንበር ስባ፣ ውኃ ቀድታ አቀረበችለት። ከዚያ አንዲት ወረቀት እያሻሸች ቆመች።

«ጋሼ፣ እንዳይቀየሙኝ» አለች። «የሚገባ የሚወጣውን መጻፍ ልማድ ሆኖብኛል። እርስዎንም ሳላስበው እንደ አውቶቡስ መዝግቤዎታለሁ።»

ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበ። «3፡10 ገባ። 3፡11 ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ። 3፡12 ማተሚያ ጀመረ። 4፡29 ማተሚያው ሠራ። እስከ 5፡05 ኬብል አሰረ። 5፡05 የትኬት መስኮት ጀመረ። 5፡16 ትኬት መሸጥ ጀመሩ።» ቀሪውን አላነበበውም።

«ይኼ ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ የሚለው ምንድነው?»

«ምን እንደሆነ ስላላወቅኩ ያየሁትን ጻፍኩ።»

«ጸሎት ነው።»

«ታዲያ እሱን ከባከነው ጊዜ አልቆጠርኩትም።»

«ባትቆጥሪው ይሻልሻል።» ወረቀቱን መለሰላት። «በይ ምን ለማለት ነው?»

«ለማወቅ ጓጉቼ ነው። የትኬቱ ሥራ የፈጀብዎት አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። ሕዝቡ ግን ሁለት ሰዓት ቆሟል። ለምን ከማተሚያው ጀመሩ?»

«በሩ ላይ ያገኘሁት እሱን ነዋ። ከጀመርኩት በኋላ ደግሞ ጥዬው ልሂድ? ሥራ አደራ ነው፣ ልጄ።»

«ማተሚያውን ግን ማን እየጠበቀው ነበር? ሥራ አስኪያጁኮ ዛሬ ፈቃድ ላይ ናቸው።»

ጋሽ ልኩ ውኃውን እስከ መጨረሻው ጠጣ። ሰው በነገር ሲያዝ ብርጭቆ ጥሩ መሸሸጊያ ነው፤ ብርጭቆው ባዶ ሲሆን ግን መመለስ ግድ ይላል።

«ልክ እንደ ፈተናው ሆንሽብኝ» አለ በመጨረሻ።

ፈተናውን አስረዳት። እውነተኛ መሣሪያ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ስምንት ጥያቄ መሥራት ነው፤ ይኼን ከዚያ አገናኝ፣ ያኛው ይኼን እንዳያይ ከልክል፣ የተበላሸውን ፈልገህ አድን። ሁለቱንም ጊዜ ከአምስተኛው ጥያቄ አላለፈም። «ወጣቶቹ ቁልፉ ላይ ጣታቸው እንደ ዝናብ ነው የሚወርደው። የእኔ እጅ አርጅቷል፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።»

«ይኼንን በደቂቃ አይተውታል?»

«ምኑን?»

«የእጅዎን እርጅና። እኛ ዘንድ አንድ አውቶቡስ ሲዘገይ ሾፌሩ ሁልጊዜ ሞተሩ ነው ይላል። ስንመዘግበው ብዙውን ጊዜ የሚዘገየው አንድ ፌርማታ ላይ ቆሞ ነው።» እስክሪብቶዋን አነሣች። «እስቲ ሁለተኛውን ፈተና ይንገሩኝ። የመጀመሪያው ጥያቄ ስንት ፈጀ?»

መቀየም አሰኝቶት ነበር፤ ዳሩ ግን የልጅቱ ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ነበር። ለማሸነፍ የሚጠይቅ ሰውና ለማወቅ የሚጠይቅ ሰው ፊታቸው አንድ አይደለም። ስለዚህ አሰበና መለሰ። አንደኛው አሥራ ሁለት፣ ሁለተኛው አሥራ አራት ደቂቃ።

«ሦስተኛውስ?»

ጆሮውን አከከ። «እሱ ትንሽ አስቸግሮኝ ነበር።»

«ትንሽ ስንት ደቂቃ ነው?»

«አርባ ሰባት።»

እሷም ሳትስቅ ጻፈች። አራተኛው ሃያ፣ አምስተኛው ሃያ አንድ። በቀሩት ስድስት ደቂቃዎች ስድስተኛውን አነበበው እንጂ አልሠራውም።

«ሦስተኛው ከመቶ ስንት ይይዛል?»

«አሥር።»

«ያልደረሱባቸው ሦስቱስ?»

«አርባ።» ድምፁ ቀነስ አለ። «ስምንተኛውማ ዓይኔን ጨፍኜ የምሠራው ነው።»

«ዓይን መጨፈንዎንማ መዝግቤዋለሁ።»

ሳያስበው ሳቀ። ያ ሳቅ ብዙ በር ከፈተ፤ የኮርኒሱን ወሬም ያወጋት ከዚህ የተነሣ ነው። አለቃው ያለውን፣ መብሻው የዋጠውንም ነገራት። «እኔ ሰው የሆንኩት በዚያች ቃል ነው» አለ።

የስምሪት ሠራተኛዋ አገጯን በእጇ ደግፋ አሰበች። «ጋሼ፣ አለቃዎ ያን ጊዜ እያመሰገኑ ነበር ወይስ እያማረሩ?»

ጋሽ ልኩ ባዶውን ብርጭቆ አገላበጠ። በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ ይኼ ጥያቄ አንድም ቀን መጥቶበት አያውቅም።

«እያመሰገነ ነው የመሰለኝ።»

«ሊሆን ይችላል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ሥራ አደራ ነው ብለዋል፤ እኔም አምናለሁ። ታዲያ ስምንቱም ጥያቄዎች አደራ አይደሉም? ለሦስተኛው ሲታመኑ የስድስተኛውን፣ የሰባተኛውንና የስምንተኛውን አደራ ማን በላው?»

በዚህ ዓለም ላይ ትጋት የሚመስል ግትርነት አለ። ሰው አንዱን ነገር ሙጥኝ ብሎ ሲይዝ ለራሱ የታመነ ይመስለዋል፤ ከጀርባው የቆሙትን ግን አያያቸውም። ቀኑን የሰጠ አምላክ ለሥራው ሁሉ እንጂ ለአንዲት ቋጠሮ ብቻ አልሰጠውም። ጋሽ ልኩ ይኼን በልቡ አላጣውም። ያም ሆኖ ሃያ አምስት ዓመት የተኖረ ልማድ በአንድ ብርጭቆ ውኃ አይታጠብም።

«ወሬሽ ያምራል» አለ። «እኔ ግን በእጄ ያልዳሰስኩትን አላምንም።»

«እኔም በደቂቃ ያላየሁትን አላምንም። የዕረፍት ቀን ከሰዓት በኋላ ይህ ክፍል ባዶ ነው።»

እንደተባባሉት በዕረፍት ቀን አራት ትንንሽ መሣሪያዎች በሻንጣ ይዞ መጣ። ከመለማመጃ መጽሐፉ ስምንት ጥያቄ ተመረጠ። ደንቡ አጭር ነው፤ ጋሽ ልኩ አንድ ነገር አልሄድ ሲለው «ተደናቀፍኩ» ይላል፣ እሷ ከዚያ ጀምራ ትቆጥራለች፣ ስምንት ደቂቃ ሲሞላ እጁን ከቁልፉ አንሥቶ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋል።

አንድ ነገር ግን ራሱ አመጣ። ሊጀምር ሲል ቆም አለና፣ «አንቺ ጠዋት መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ?» አላት።

«የቀኑን መነሻ ሁሉ አነብባለሁ። የትኛው የትኛውን እንደሚጠብቅ ሳላውቅ አንድም አላሰማራም።»

እሱም ስምንቱንም ጥያቄ አነበበ። ይኼን በፈተና ቤት አድርጎት አያውቅም። ሁለተኛው ካልተሠራ አራተኛውና አምስተኛው እንደማይሠሩ፣ ሦስተኛው ግን ለብቻው የቆመ መሆኑን አየ፤ በእርሳስም ምልክት አደረገባቸው። አራት ደቂቃ ፈጀ። «እነዚህ አራት ደቂቃዎች አንጀቴን አሳረሩት» አለ። «ይመለሳሉ» አለችው።

ሦስተኛው ላይ እንደተፈራው ሆነ። አንደኛው ኮምፒውተር ከራሱ ክፍል ውጭ ከማንም ጋር አልነጋገር አለ። ጋሽ ልኩ ላብ ላብ አለው፣ ወንበሩን አስጠጋ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ አደረገ። «ተደናቀፍኩ» የምትለዋ ቃል ከአፉ የወጣችው ከስንት ትግል በኋላ ነው።

ስምንት ደቂቃ ሲሞላ እሷ ሰዓቷን አሳየችው። «አውቶቡሱ ይነሣል፣ ጋሼ።»

«አንዲት ነገር ብቻ ነው የቀረችኝ።»

«ሁሉም ተሳፋሪ እንዲህ ነው የሚለው።»

እጁን አነሣ። ጆሮው ቀላ። የት እንደደረሰ በአንዲት መስመር ጻፈና ወደ አራተኛው አለፈ፤ ልቡ ግን ለጥቂት ደቂቃ ኋላ ቀርታ ነበር።

አራተኛው ላይ ደግሞ እሷ አላስቻላትም። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይኼንኑ ጽሑፍ አራት ጊዜ ለምን ይጽፉታል?»

«መሣሪያዎቹ አራት ናቸዋ።»

«አንዴ ጽፈው መገልበጥ አይቻልም?»

«ይቻላል። በማስታወሻ ገጽ ላይ አንዴ ጽፎ፣ የሚለያየውን ቁጥር ብቻ ቀይሮ በየመሣሪያው መለጠፍ ነው። ወጣቶቹ እንደዚያ ያደርጋሉ።»

«እርስዎስ?»

«ስንፍና ይመስለኛል።»

«እኔ ለአራት አውቶቡስ አንድ ዓይነት ማስጠንቀቂያ ስናገር አራት ጊዜ አልናገርም፤ በድምፅ ማጉያው አንዴ ነው። ሰነፍ ብሎ የሰደበኝ የለም።»

አንዴ ጻፈ፤ አራት ቦታ ለጠፈ። ከዚያ በኋላ ጨዋታ ቀረ። ስምንተኛውን ሲጨርስ ዘጠና ስምንት ደቂቃ ሆኖ ነበር። ወደ ሦስተኛው ተመለሰ፣ ስክሪኑን አየ፣ ጠጋ አለ።

«ምነው?»

«ሃምሳ ሁለት ማለት ሲገባኝ ሃያ አምስት ብዬዋለሁ።» ጣቱን ኮምፒውተሩ ውስጥ በተጻፈው የኔትወርክ አድራሻ መጨረሻ ላይ አሳረፈ። «ይኼ ቁጥር እዚሁ ተቀምጦ ነበር እንዴ?»

«ከአንድ ሰዓት በላይ።»

በሁለት ደቂቃ አቃናው። በቀረው ሃያ ደቂቃ ሁሉንም ሲፈትሽ፣ አንደኛው መሣሪያ ላይ የሠራውን ሥራ ሴቭ ሳያደርገው፣ ማለትም ሳያስቀምጠው እንደቀረ አየ፤ ቢጠፋና ቢበራ ልፋቱ ሁሉ ብን ይል ነበር። ወዲያው ሴቭ አደረገው።

እሷ መዝገቧን ዘረጋች። «ጣትዎ ቁልፍ ላይ የነበረው ሠላሳ አንድ ደቂቃ ብቻ ነው። ሌላው ማንበብ፣ ማሰብና መፈለግ ነው። እጅዎ አላረጀም፣ ጋሼ። ፌርማታ ላይ ነው የሚቆሙት።»

ጋሽ ልኩ መዝገቡን ሁለት ጊዜ አነበበ። ሲናገር ድምፁ የተማሪ ድምፅ ነበር። «ስተወው ቁጥሩ ራሱን የገለጠልኝ ለምንድነው? ስምንት ደቂቃ ሙሉ ሳፈጥበትኮ ነበር።»

«እኔም አላውቅም። እርስዎ ምን ይመስልዎታል?»

«ዓይን ያየውን ደጋግሞ ሲያይ የሚያየው ልቡ ያሰበውን ሳይሆን አይቀርም። ሲያርፍ ነው ያለውን የሚያየው።» ትንሽ አሰበ። «ማክሰኞ ማተሚያውን ለአሥራ አንድ ደቂቃ ብተወው ኖሮ፣ ሰዉም ይሳፈር ነበር፣ እኔም ማተሚያው ዘንድ በሰላም እመለስ ነበር። ጥድፊያ ነው ብዬ የሸሸሁት ነገር ዕረፍት ኖሯል። አስቀድሞ ያነበበ አይባዝንም፤ አንዴ የጻፈ አይሳሳትም፤ መጨረሻ ላይ ጊዜ የተረፈው የረሳውን ያገኛል። ይኼ ለፈተናም ለሥራም ነው።»

«ታዲያ ፈተናው መቼ ነው?»

«የተቆረጠ ቀን የለም። ቀን ሳልይዝ ቆይቻለሁ፤ ፈርቼ ነው።» አንገቱን ነቀነቀ። «ነገ ጠዋት ደውዬ የቅርቡን ቀን እይዛለሁ። እስከዚያ በየዕረፍት ቀኑ ትመዘግቢኛለሽ?»

«በደስታ። ግን ስምንት ደቂቃው ብዙ ነው። ሰባት ይሁን።»

«አሥር ይሁን።»

«አሥርማ ያው ማተሚያው ነው።»

«በሰባት ደቂቃ ሰው መነጽሩን እንኳ አይጠርግም፣ ልጄ። ስምንት። ከዚያ አልወርድም።»

«ስምንት፣ አንዲት መስመር ብቻ ብትቀርዎትም?»

«አንዲት መስመር ብትቀርም እጄን አነሣለሁ።»

«አንዲት ፊደልስ?»

ጋሽ ልኩ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አያቸው።

«እሺ» አለ። «አንዲት ፊደልም ብትቀር።»