የአያ አላምረው ጠመንጃ

ግራዝማች የሻው በዚያ ጧት ከቤታቸው የወጡት ተቆጥተው ነው፤ በማን ላይ እንደ ተቆጡ ቢጠየቁ ግን ለመመለስ ይቸገሩ ነበር። ነጭ ለባሾቻቸው፣ ማለትም መንግሥት ሲጠራቸው የየራሳቸውን ጠመንጃ ይዘው የሚወጡት የአገሩ ገበሬዎች፣ ከበቅሏቸው ኋላ ይከተላሉ። አንዱ ቢያስለው «ምነው አንተ፣ ገና ሳንደርስ ልታስነቃብን ነው?» ብለው አፈጠጡበት። የሚሄዱበት ቤት ገና ከሁለት ዳገት ማዶ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠላት ከአገር ከወጣ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ ጠመንጃው ግን በየቤቱ ቀርቷል። ቢያዝን የሚባል ነጋዴ ከትክል ድንጋይ ገበያ ሲመለስ ከቁጥቋጦ ውስጥ ተተኮሰበትና ጭኑን ቆሰለ፤ በቅሎዎቹም ከነጭነታቸው ተወሰዱ። ተኳሹን ያየ የለም። እንደ ልማዱ አገሩ አውጫጭኝ ተቀመጠ፤ ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ ያየ ያየውን፣ የሰማ የሰማውን እንዲናገር ተጠየቀ። የአጥቢያው የሾላ ሚካኤል ሰው ባያይም ሰምቶ ነበር። «የጮኸችው የአያ አላምረው ምንሽር ናት» አለ፣ ሽማግሌውም ጎረምሳውም። ያች ጠመንጃ በሠርግም በለቅሶም ስትተኮስ የኖረች ናት፤ እንደ ሌላው አንዴ ጮኻ አትቀርም፣ ድምፅዋ መጨረሻው ላይ እየቀጠነ እንደ ፉጨት ይሄዳል። ይባስ ብሎ አላምረው ራሱ ከአውጫጭኙ ቀረ። ቢጠሩት «አሞኛል» አለ፤ ደግመው ቢጠሩት በሩን ዘጋ። ከዚህ ወዲያ ማን ይጠራጠር!

የግራዝማች ሆድ የባሰው ግን በሌላ ነገር ነው። አላምረው አበልጃቸው ነው፤ የመጨረሻ ልጁን አበቡን ክርስትና ያነሡት እሳቸው ናቸው። በጠላት ዘመንም አብረው ዱር አድረዋል። ታዲያ «ለአበልጁ አዳላ» እንዳይባሉ ብለው ከማንም ይልቅ በአላምረው ላይ ሊጠነክሩ ቆርጠዋል። አንባቢ ሆይ፣ ስሜ ይጠፋል ብሎ የሚጨክን ሰው ከክፉ ሰው ይልቅ ያስፈራል፤ ክፉውስ አንዳንዴ ይደክመዋል።

ከወንዙ መሻገሪያ ሲደርሱ ከጎንደር በኩል የመጣ አንድ ወጣት መኮንን በቅሎውን ውኃ ሲያጠጣ አገኙ። መቶ አለቃ ኃይለ ጊዮርጊስ ይባላል፤ ጎንደር አራዳ ያደገ የመሪጌታ ዋኘው ልጅ ነው። መዝሙረ ዳዊት ደግሞ፣ ቅኔ ተቀኝቶ፣ ኋላም አዲስ አበባ የፖሊስ ትምህርት ተምሮ ተመልሷል። ቢያዝንን ጎንደር ሆስፒታል ጠይቆ ነገሩን ሊመረምር መምጣቱ ነበር። ግራዝማችን ሲያይ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣ።

«እንደምን አደሩ ግራዝማች? ጭፍራው ወዴት ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። የመሪጌታ ልጅ አይደለህም? ሸጋ ቀን መጣህ። ወንበዴ ልንይዝ ነው፤ ተከተለንና በዚህ አገር እንዴት እንደሚያዝ ተማር።»

«እንዴት ነው የሚያዘው?»

«ምን እንዴት አለው? ቤቱ ይከበባል፤ ይተኮስበታል። ከወጣ ወጣ። ካልወጣም ክዳኑ ሣር ነው፣ እኛም ክብሪት አላጣን። ከዚያ ጭፍራው ከበረቱ አንድ ወይፈን ጥሎ ይበላል፤ ወግ ነው።»

መቶ አለቃው በቅሎውን ስቦ ከጎናቸው ተሰለፈ። «በድፍረት አይቁጠሩብኝ፣ ልጅዎ ነኝ። ለመሆኑ አላምረው ሲተኩስ ያየ ሰው አለ?»

«አገር ሰምቷል!»

«አገር የሰማው ጠመንጃዋን ነው። ቃታውን የሳበውን ጣት አልሰማም።»

«ጠመንጃዋ ካለች ጣቱም አለ! የአላምረውን ምንሽር ሌላ ሰው ይነካታል? ሲተኛ እንኳ ታቅፏት ነው።»

«ሸጧት ቢሆንስ?»

ግራዝማች ከት ብለው ሳቁ፤ ጭፍራውም ተከትሎ ሳቀ። «ኧረ ወዲያ! አላምረው ጠመንጃውን ከሚሸጥ ሱሪውን አውልቆ ገበያ ቢቆም ይቀለዋል። ደግሞ እሑድ ለት ከቤተ ክርስቲያን ደጅ አይቼዋለሁ፤ በዚያ በቀይ ልባሷ እንደ ተሸፈነች በትከሻው አንግቷታል።»

ወጣቱ በዚህ አልተከራከረም። በሌላ በኩል መጣ።

«ግራዝማች፣ ገበያ ላይ በሬ ሲሸጥ ምን ይደረጋል?»

«ዋስ ይጠራል እንጂ! የሌባ በሬ ቢሆንስ? ዋስ የሌለውን በሬ ማን ይገዛል?»

«ጠመንጃስ ሲሸጥ?»

ግራዝማች ጢማቸውን አሻሹ። «ጠመንጃማ ሌላ ነው። ጠመንጃውን ሸጠ መባል ነውር አይደል? ከገበያው ፈንጠር ብሎ ከሾላው ሥር፣ ሁለቱ ብቻቸውን ተዋውለው ይለያያሉ። ሻጩ ገዢውን ስሙን እንኳ አይጠይቀው።»

«ይመልከቱልኝ እንግዲህ! በሬው ቢጠፋ አንድ እርሻ ይጎዳል፤ ጠመንጃዋ ከክፉ ሰው እጅ ብትገባ ነፍስ ይጠፋል። ለበሬው ዋስ እየጠራን ለነፍስ መጥራት ምነው አሳፈረን?»

«አንተ ልጅ፣ ነገርህን አውቄዋለሁ። ዛሬ በዳኛ ፊት ሽጡ ትላለህ፣ ነገ የማን ጠመንጃ የት እንዳለ ታወቀ ብለህ መጥተህ ትነጥቀናለህ። እኛ ይህን አገር ያቆየነው በጠመንጃ ነው።»

«እውነት ነው፤ እርስዎና አላምረው ባትኖሩ እኔም ትምህርት ቤት ባልገባሁ። ንጠቁ የሚል የለም፤ እኔም አልልም። ይሸጥ፣ ይገዛ። ብቻ በዳኛ ፊት፣ ዋስ ቆሞ ይሁን። ያን ጊዜ ጠመንጃዋ ስትጮህ የሚጠየቀው የያዛት ሰው ይሆናል፤ የቀድሞው ባለቤቷ ጎጆ አይቃጠልም። እስቲ ይንገሩኝ፣ ጥፋተኛ ያልሆነ ገበሬ ጎጆው ሲነድ ምን ያደርጋል?»

«ምን ያደርጋል? ጫካ ይገባል።»

«እንግዲያው ሽፍታ ልናጠፋ ወጥተን ሽፍታ እንወልዳለን ማለት ነው።»

ግራዝማች በቅሏቸውን ያለ ጥፋቷ በአለንጋ ሸነቆጧት። ምስኪኗ በቅሎ የስንቱን ክርክር ዕዳ ከፍላለች!

«ታዲያ ምን ልሁን? ደጁ ሄጄ ቤቶች ልበል? ተኩሶ ቢጥለኝስ?»

«ጭፍራው ከጉብታው ኋላ ይሁን፤ ቤቱም እንደ ተከበበ ይቆይ። እርስዎን በድምፅዎ ያውቃል፤ ከሩቅ ሆነው በስሙ ይጥሩት። ሴትና ልጅ አስቀድመው ይውጡ። እርስዎ እንዳሉት ወንበዴ ከሆነ የትም አያመልጥም፣ የሚቀርብን ነገር የለም። ካልሆነ ግን ከሞተ በኋላ ማን ይቅርታ ይጠይቀዋል? ደግሞ...» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ «ቤቱ ውስጥ ማን ማን አለ?»

ግራዝማች በቅሏቸውን አቆሙ። አበቡ አለች። ባለፈው ፋሲካ ቀሚስ የገዙላት፣ ሲመጡ ጉልበታቸውን የምትስም ክርስትና ልጃቸው። ክብሪቱን ሲያስቡ እሷን አላሰቡም ነበር። በልባቸው «እግዚኦ!» አሉ፤ በአፋቸው ግን «እሺ፣ እንሞክረው። ቢተኩስ ግን በራስህ ነው» ብቻ አሉ።

ቀትር ላይ ደረሱ። ጭፍራው ከጉብታው ኋላ ተኛ። ግራዝማች መሣሪያቸውን ለመቶ አለቃው ሰጥተው ብቻቸውን ወደ አጥሩ ወረዱ።

«አላምረው! አበልጄ! እኔ ነኝ፣ የሻው! ውጣና እንነጋገር፤ የሚነካህ የለም!»

በሩ ተከፈተ። አላምረው ግን ባዶ እጁን አልወጣም። ያችን በቀይ ልባስ የተሸፈነች ጠመንጃ ከነልባሷ አነጣጥሮ ደጃፉ ላይ ቆመ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«አንቱም መጡብኝ ግራዝማች? ዘራፍ! አላምረው እጁን አይሰጥም! አንድ እርምጃ ቢቀርቡ ክርስትና ብሎ ነገር የለም!»

ከጉብታው ላይ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ዳኛው የሚባለው ነጭ ለባሽ፣ ዒላማ የማይስት ሰው ነው፣ ጥይት አጉርሶ በአላምረው ደረት ላይ አነጣጥሯል። ግራዝማች ሳያስቡት ዞረው እጃቸውን ዘርግተው በሁለቱ መካከል ቆሙ።

«ማንም እንዳይተኩስ! በሚካኤል ይዣችኋለሁ! የሚተኩስ መጀመሪያ እኔን ይምታ!»

በዚህ ጊዜ የአላምረው ሚስት እንኳየሁ ነጠላዋን ጥላ ከቤት ወጣች። ዕድሜዋን ሙሉ ባሏን አንቱ ስትል የኖረች ሴት ነበረች፤ ያን ቀን ግን አንቱታው ጠፋባት።

«አንተ ሰውዬ! ለእንጨት ልትሞት ነው? እንጨት እኮ ነው ጎበዝ፣ እንጨት ነው የያዘው! ከምትሞትብኝ እፈር! እፈርና ኑርልኝ!»

ልባሱን በሁለት እጇ ጨብጣ ሳበችው። ቀዩ ጨርቅ ተገፈፈ። በአላምረው እጅ የቀረው የአሮጌ ሞፈር ስባሪ ነበር።

የሳቀ አልነበረም። ዳኛው ጥይቱን አውጥቶ አፈሩ ላይ ተቀመጠና አማተበ። አላምረው የሞፈር ስባሪውን እንደ ያዘ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ በጋቢው ተሸፍኖ አለቀሰ፤ ግራዝማችም ከጎኑ ተቀምጠው አብረውት አለቀሱ። ወንድ ልጅ አያለቅስም የሚሉ ሁሉ ያን ቀን አፋቸውን ያዙ።

«በሬዬ ገደል ገባብኝ አበልጄ» አለ በመጨረሻ። «ክረምቱ መጣ። ልለምን ወይስ ልሽጣት? ከሾላው ሥር ለማላውቀው ጎረምሳ ሸጥኋት። አላምረው ጠመንጃውን ሸጠ እንዳይሉኝ ልባሷን አስቀርቼ ይህን እንጨት ከተትሁበት። በአውጫጭኙ ጠመንጃህን አሳይ ቢሉኝ ምን ላሳይ?»

«ከመዋረድ ልትሞት!»

«አዎን፣ ሞቱ ቀሎኝ ነበር። አንቱስ ቢሆኑ?»

ግራዝማች እውነቱን ተናገሩ። «እኔም ብሆን» አሉ፤ ከዚያ ቀና ብለው መቶ አለቃውን አዩት። «ልጄ፣ አሸንፈኸኛል። ይህ ሰው የሚሞተው በእንጨት ሳይሆን በእኛ ነውር ነበር። ጣራው ላይ ተኩሼ ቢሆን ኖሮ ሬሳውን ገልጬ የማገኘው ይህን ሞፈር ነበር። ከዚያ በኋላ እኔ ምን ብዬ እቆርባለሁ?»

ወይፈን አልታረደም። እንኳየሁ ያላትን አቅርባ ጭፍራው በልቶ፣ አመስግኖ ወጣ።

የተረፈ ሰው ይመሰክራል። አላምረው የገዢውን መልክ አልረሳውምና በገበያ ቀን ከመቶ አለቃውና ከግራዝማች ጭፍራ ጋር ትክል ድንጋይ ወርዶ ጎረምሳውን ከጠላ ቤት ለየው። ነጭ ለባሹ ዳኛው «ከበን እንተኩስ?» ቢል ግራዝማች «ሰው ሁሉ የሚጠጣበት ቤት ነው፣ ዝም በል» አሉት። እሳቸው ገብተው ከጎረምሳው አጠገብ ተቀመጡ፤ ግድግዳው ላይ የተደገፈችውን ምንሽር ቀስ ብለው ወደ ራሳቸው አስጠጉና «ልጄ፣ ጠላህን ጨርስ፤ ሕግ ይፈልግሃል» አሉት። አንድ ጥይት አልተተኮሰም፣ አንድ ዋንጫ አልተሰበረም። የቢያዝን በቅሎዎችም የታሰሩበት ታወቀ።

ዛሬ ከዚያው ሾላ ሥር በገበያ ቀን ዳኛ ይቀመጣል። ጠመንጃ የሚሸጥ በግልጽ ያወጣል፤ የሚገዛም ስሙንና አገሩን ተናግሮ ዋስ ይጠራል። መጀመሪያ ሰው አፈረ፤ ኋላ ለመደው። በሬ የሞተበት ገበሬ ጠመንጃውን ሸጦ ቀና ብሎ ይሄዳል፤ በሌላ ሰው ጥፋት ቤቱ አይከበብም፤ ነጋዴም ዳገቱን በሰላም ይወጣል። ያልታወቀ ገዢ ሲመጣ ከሁሉ አስቀድሞ «ዋስህ ማነው?» ብሎ የሚጮኸው አያ አላምረው ነው።

ግራዝማች የሞፈር ስባሪውን ከአበልጃቸው ለምነው ወሰዱ። ሰው ለመያዝ በወጡ ቁጥር ከኮርቻቸው ላይ ከነቀዩ ልባሱ ያስሩታል። ቤቱ ሲቀርብ ጭፍራውን ያቆሙና እንጨቱን ለእያንዳንዱ በየእጁ ያስይዙታል። ያን ቀን በአላምረው ላይ ያነጣጠረው ነጭ ለባሹ ዳኛው ተራው ሲደርስ ሁልጊዜ ትንሽ ያቆየዋል። ከዚያ ግራዝማች መሣሪያቸውን ለሰው ሰጥተው፣ አሮጌ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ከሩቅ ቆመው የሰውየውን ስም ይጠራሉ።