የሰባት ቁጥር አራተኛ ፌርማታ

ጋሼ ሰባት ከዓይን ሐኪሙ ክፍል ወጥተው፣ መነጽራቸውን በአንድ እጃቸው ወረቀታቸውን በሌላው እንደያዙ፣ ኮሪደሩ ላይ ቆሙ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰባት ቁጥር አውቶቡስን የነዱ ሰው ናቸው፤ ስማቸውም ከዚያው ወጥቶ ቀረ። ሐኪሙ ነገሩን ሳይሸፋፍን ነግሯቸዋል፤ ዓይናቸው እየደከመ ይሄዳል፣ ሊዘገይ ይችላል እንጂ አይመለስም። እሳቸውን ያስጨነቃቸው ግን ጨለማው ብቻ አልነበረም። ሚስታቸው ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗል። የድሮው መንገድም ለሰፊ ጎዳና ሲባል ከነዛፎቹ ፈርሷል። ሚስታቸውን ያወቁት እዚያ መንገድ ላይ፣ አራተኛው ፌርማታ ላይ ነበር። ሰሞኑን ፌርማታውን በሐሳባቸው ሲፈልጉት ነገሩ አንድ በአንድ ከቦታው እየጠፋባቸው ነው። የሱቁ በር ሰማያዊ ነበር ወይስ አረንጓዴ? ዓይናቸው ሳይጠፋ መንገዱ ቀድሞ እንዳይጠፋባቸው ፈሩ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት እንዴ?» አለቻቸው አንዲት ሴት።

የሚስታቸው የእህት ልጅ ነበረች። የዚሁ ክሊኒክ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት፤ የምሳ ሰዓቷ ስለነበር ነጭ ጋወኗን እንደለበሰች አግዳሚ ወንበር ላይ ላፕቶፕ ታቅፋ ተቀምጣለች። ሰላምታው ካለቀና የዓይናቸው ነገር ከተነገረ በኋላ አጠገቧ አረፍ አሉ። ላፕቶፑ ላይ አንዲት ትንሽ ጀልባ በጭጋግ ውስጥ ቀስ እያለች ትሄዳለች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ጌም ነው ጋሼ። ራሴ ነኝ የሠራሁት።»

እንግዲህ ሽማግሌና ወጣት ሲገናኙ ወቀሳውን ማን እንደሚጀምረው የታወቀ ነው።

«ልጄ፣ አትቀየሚኝና፣ ያን ሁሉ ዓመት የተማርሽው ለዚህ ነው? ጨዋታ የልጅ ነው።»

«አልቀየምም። እርስዎ ግን ሬዲዮ ላይ ትረካ ሲያዳምጡ ማን ልጅ ሆኑ አለዎት?»

«ትረካ ቁም ነገር አለው።»

«ይቺም አላት። ቀኑን ሙሉ የሰው ደም ስመረምር ውዬ ጭንቅላቴ ቁጥር ብቻ ሆኖ ነው የምወጣው። እቤት ገብቼ ይቺን ጀልባ ስሠራ፣ ማዕበሉ እንዲህ ይሁን፣ ጭጋጉ እዚህ ጋ ይሳሳ ስል ቁጥሩ ይለቀኛል። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አይከፍለኝም። ደስ ስለሚለኝ ነው።»

ጋሼ ሰባት ወደ ጀልባዋ ጠጋ ብለው አዩ። ጭጋጉ ይከፈታል፣ ይዘጋል። የፈረሰው መንገድ ትዝ አላቸው፤ ነገር ግን ለወጣት ቶሎ መሸነፍ ደስ አይላቸውምና እንደዋዛ ጠየቁ።

«መንገድስ ይሠራበታል?»

«ሰማይም ይሠራበታል።»

«ሰማዩን ተይው። የሰባት ቁጥርን መንገድ ነው የምልሽ። አሥራ ዘጠኙንም ፌርማታ።»

ልጅቷ ላፕቶፑን ዘጋች፤ ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ገብቷታል።

«አሥራ ዘጠኙን አይጀምሩ ጋሼ። እኔ መጀመሪያ አንድ አገር ሙሉ ልሠራ ተነስቼ ሁለት ዓመት ፈጀሁና አንድ በር እንኳ ሳላስከፍት ተውኩት። ጀልባዋን በአንድ ወር ጨረስኳት። አንድ ፌርማታ ይምረጡ።»

«በዚህ ዓይኔ? ኮምፒዩተር ነክቼም አላውቅ።»

«ፊደሉን እናተልቀዋለን። ደግሞስ መንዳት ሲጀምሩ ሞተር ፈተው ነበር?»

«ኧረ፣ ባዶ ሜዳ ላይ ፍሬን መያዝ ነው መጀመሪያ ያስተማሩኝ።»

«ይኸው ነው እንግዲህ።»

እንዲህ ሆነና ቅዳሜ ከሰዓት የጋሼ ሰባት የምግብ ጠረጴዛ የሥራ ቦታ ሆነ። ልጅቷ በነጻ ከሚገኙት የጌም መሥሪያ ፕሮግራሞች ቀላሉን ጫነችላቸው። እሳቸውም የአራተኛውን ፌርማታ ካርታ ባለሣጥን ደብተር ላይ በእርሳስ ነደፉ። የመጀመሪያው አውቶቡስ አንድ ቀይ ሣጥን ነበር። ቀስት ያለበትን ቁልፍ ሲጫኑ ሣጥኑ አስፋልቱን ሰንጥቆ ረጋ ብሎ ወደ ታች ሰመጠ፤ እየሰመጠም ሄደ። የጋሼ እግር ከጠረጴዛው ሥር ፍሬን ፈለገ።

«ኮምፒዩተሩ መንገዱ ጠንካራ መሆኑን አያውቅም ጋሼ። ለእሱ ሥዕል ነው። ይንገሩት።»

«ይሄ ደግሞ ይነገራል?» አሉና፣ ልጅቷ ያሳየቻቸውን ምልክት ተጭነው ነገሩት። አውቶቡሱ ቆመ። ሽማግሌው እንደዚያን ቀን የሳቁበት ቀን ከሚስታቸው ቀብር ወዲህ አልነበረም።

ሳምንታት አለፉ። ሁለቱ ዛፎች በቀሉ፤ አግዳሚ ወንበሩ ተተከለ። የሱቁን በር አረንጓዴ ቀቡት፤ ሲያዩት ልባቸው እምቢ አለ። ሰማያዊ ሲያደርጉት ባለሱቁ ራሱ ከውስጥ የሚያስል መሰላቸው። በአልጋቸው ላይ ተጋድመው ሲፈልጉት የሸሻቸው ነገር በእጃቸው ሲሠሩት ተመልሶ መጣ። ልብ ያለው አንባቢ ይቺን ነገር ቢይዛት መልካም ነው።

ፌርማታው ሲያልቅ ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካዩ እንዲሞክረው ተጠራ። ልጅቷ «ሲጫወት ዝም ይበሉ፤ ሰው የት ጋ እንደሚቸገር የሚታየው ያኔ ነው» ብላ ጋሼን አስጠነቀቀቻቸው። ፀጉር አስተካካዩ አውቶቡሱን ነድቶ ፌርማታው ላይ አቆመ። አውቶቡሱ ከዚያ ወዲያ አልነቃነቅ አለ። ክላክስ ነፋ፣ ቁልፉን ሁሉ ነካካ፣ በመጨረሻም «ጋሼ፣ ተበላሸ መሰለኝ» ብሎ ይቅርታ ጠይቆ ወደ ደንበኞቹ ሄደ።

«አልተበላሸም» አሉ ጋሼ ተቆጥተው። «አራት ደቂቃ መቆም አለበት። ሰው ትዕግሥት አጣ።»

«ባዶ ፌርማታ ላይ አራት ደቂቃ ማን ይቆማል ጋሼ? ደንቡ እንዲያ ነበር?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ደንቡ አንድ ደቂቃ ነው። አራት ያደረግሁት እኔ ነኝ። አክስትሽ ከምትሠራበት ልብስ ስፌት ቤት ስትወጣ ሁልጊዜ ትዘገያለች። ተሳፋሪው ያጉረመርማል፣ ተቆጣጣሪው ይጽፍብኛል፤ እኔ ጎማ የማይ መስዬ እጠብቃታለሁ።»

ልጅቷ ይህን ሰምታ አታውቅም። ወደ ላፕቶፑ ዞራ፣

«ታዲያ አክስቴ የታለች? ዛፉ አለ፣ በሩ አለ፤ እሷን አላስገቧትም» አለች።

«መልኳን ብስተውስ?» አሉ ጋሼ። «ዛፍ ብስት ዛፍ ነው። እሷን ከሳትኩ የቀረችኝንም አበላሸሁ ማለት ነው።»

«ሲስቱ ያውቁታል ጋሼ። በሩን እንዳወቁት።»

ሦስት ቅዳሜ ፈጀባቸው። ከአውራ ጣት የማትበልጥ ምስል ፊት የላትምና ፊቱን ተዉት። ቦርሳዋን በግራ እጇ ደረቷ ላይ ይዛ፣ ግማሽ እርምጃ ግማሽ ሩጫ ስትመጣ ሠሯት። አንዴ አጠፏት፣ አንዴ አዘገዩዋት። ከዚያ ደግሞ ልጅቷ የአክስቷን አሮጌ ጫማ ከቁም ሳጥን አውጥታ አደረገችና ወለሉ ላይ ተራመደች፤ ኮቴውን በስልክ ቀዱት። ሐሳቡ የጋሼ ነበር። ወደፊት ለዓይናቸው ሲከብድ በጆሯቸው እንዲነዱ ነው። ነጂው ሳይጠብቅ መሄድ ከፈለገም አሁን መንገዱ ክፍት ነው፤ የሚያስገድደው የለም።

ፀጉር አስተካካዩ እንደገና ተጠራ፤ በዚህኛው ጊዜ ማንን እንደሚጠብቅ ጋሼ ነግረውታል። ፌርማታው ላይ አቆመ። ቅጠሉ ይወዛወዛል፤ ሰማያዊው በር ገርበብ ብሏል። አንድ ደቂቃ አለፈ፣ ሁለት። አሁን ደንበኛ እንኳ አላስቸኮለውም፤ እጁን ከቁልፉ አንስቶ አገጩን ይዞ ጠበቀ። ጋሼ መነጽራቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ከጥጉ ኮቴ ተሰማ፤ ግማሽ እርምጃ፣ ግማሽ ሩጫ።

«ይኸው መጡ» አለ ፀጉር አስተካካዩ ቀስ ብሎ። «ዛሬም አርፍደው።»

ኮቴው ገና እየቀረበ ሳለ፣ እሱም አባቱ ይቆርጥበት የነበረውን የድሮ ፀጉር ቤት እንዲህ ማድረግ ይችል እንደሆነ ጠየቀ። ጨዋታ የልጅ ነው ያሉት ሰውዬ ታዲያ መካሪ ሆኑ።

«ለምን አትችልም? ሙሉ ቤቱን አትጀምር፤ አንዷን ወንበር ሥራ። ትሰምጥብሃለች፤ አትደንግጥ፣ ወለሉ ጠንካራ መሆኑን ለኮምፒዩተሩ ንገረው። ስትጨርስ ለሰው ስጥና አፍህን ያዝ። ምን ታገኛለህ ብትለኝ፣ እኔ እጄ ሥራ አገኘ፣ ቅዳሜዬ ሰው አገኘ፣ የጠፋብኝም...» አላስጨረሳቸውም፤ ኮቴው የአውቶቡሱን ደረጃ ወጥቶ ዝም ብሏል።

«አሁን በሩን ዝጋና ንዳ» አሉት ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ተቀምጣለች።»